የሌላ ምሁር ሐሳብ ስጽፍ የኔና የሱ እየተደባለቀብኝ ነው፣ እናንተ እንዴት ነው የምትለዩት?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቴሲሴን በአማርኛ ነው የምጽፈው፣ ርዕሱ ሠራተኛን ለሥራ የሚያነሳሳው ምንድነው የሚል ነው፣ እና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ማለትም ሊትሬቸር ሪቪው (ከኔ በፊት የተጻፉትን ጥናቶች የምዳስስበት ክፍል) ላይ ቆሜያለሁ። አድቫይዘሬ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጠርዙ ላይ የጻፉት አንድ ነገር ነው፣ "ይሄን የሚለው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?"

መጀመሪያ ሲቴሽን (የምንጭ መጥቀሻ) የጎደለ መስሎኝ በየዓረፍተ ነገሩ ስምና ዓመት ጨመርኩ፣ ያው ኮመንት ተመልሶ መጣ። እንዲያውም ሳይብስ አልቀረም፣ አሁን እያንዳንዱ ፓራግራፍ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች፣ እነ እገሌ ደግሞ እንዲህ አሉ እያለ ነው የሚሄደው፣ ሳነበው የስም ጥሪ ነው የሚመስለኝ፣ እኔ መሃል ላይ የት እንዳለሁ ራሴም አላውቅም።

አንዱን ፓራግራፍ፣ ስለ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማስሎ የጻፍኩትን፣ ምንም ሳልነካ ልለጥፈው፦

"ማስሎ (1943) የሰው ልጅ ፍላጎት አምስት ደረጃ ባለው ፒራሚድ እንደሚገለጽ አረጋግጧል። የታችኛው ደረጃ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ሳይሟላ ሰው ወደሚቀጥለው ደረጃ አይሸጋገርም። ዋህባ እና ብሪድዌል (1976) ይህን ሐሳብ ይቃወማሉ። አንዳንድ ምሁራንም ንድፈ ሐሳቡን ተችተውታል። ስለዚህ አሠሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሠራተኛውን መሠረታዊ ፍላጎት ማሟላት አለባቸው።"

ምኑ ጋ ነው ችግሩ? ሳታዝኑልኝ ንገሩኝ። ሌላ ትንሽ ጥያቄም አለችኝ፣ ምሁራኑን "ይላል" ነው የምለው ወይስ "ይላሉ"? አድቫይዘሬን መጠየቅ ፈራሁ።

ብራና

እህቴ አይዞሽ፣ ይሄ ኮመንት ያልደረሰው ተማሪ አላውቅም። የሰው ጽሑፍ ሳርም ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ በጣም ደጋግሜ የምጽፈውም እሱኑ ነው።

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው ያለሽ፣ እያንዳንዱ የማን ድምፅ እንደሆነ እንይ። አንደኛው የማስሎ ነው፣ ስሙ አለ። ሁለተኛው የማነው? አንቺ የማስሎን ሐሳብ እየቀጠልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አንባቢው ግን የሚያየው ባለቤት የሌለው እውነታ ነው፣ "አይሸጋገርም" ብለሽ ዘጋሽው፣ ይሄን ያለው ማነው ብሎ ሲጠይቅ መልስ የለም፣ መልስ ካጣ ደግሞ ያንቺ አድርጎ ነው የሚወስደው። ሦስተኛው የነዋህባ ነው። አራተኛው የማንም አይደለም፣ "አንዳንድ ምሁራን" ማለት ሄደሽ ልትጠይቂው የማትችይው ሰው ማለት ነው፣ ወይ ስማቸውን ጥሪ ወይ አውጪው። አምስተኛው "ስለዚህ" ብሎ ይጀምራል፣ ከየትኛው የተነሳ ነው ስለዚህ? ከማስሎ ከሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ተቃውሞበታል ብለሽ ነበር፣ ከተቃዋሚዎቹ ከሆነ ደግሞ መደምደሚያው ተቃራኒ መሆን ነበረበት። አድቫይዘርሽ "አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?" ያሉት ይሄንን ይመስለኛል።

እኛ ቋንቋ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሦስት መስመር ሙሉ የሰውየውን ሐሳብ ጽፈሽ መጨረሻ ላይ "ይላል" ስትይ አንባቢው እስከዛ ድረስ ያንቺ ሐሳብ እየመሰለው ነው የመጣው፣ "ሲል ማስሎ ጽፏል" የሚለው ዜና አጻጻፍም ያው ችግር አለው። ስለዚህ ባለሐሳቡን ከፊት አምጪው። "በማስሎ አመለካከት"፣ "ማስሎ በዚሁ ጽሑፉ"፣ "እነዋህባ በበኩላቸው"። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው ግን አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሲጀምር የማን ቤት እንደገባ ያውቃል። ወደራስሽ ስትመለሽም በር አብጂለት፣ "ይህ ጥናት ግን"፣ "እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው" በይ፣ ዲፓርትመንትሽ ከፈቀደም "እኔ እንደማየው" ብትይ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ግሱ። "አረጋግጧል" ስትይ አንቺ ራስሽ ፈርመሽለታል። ማስሎ አረጋገጠ ካልሽ በኋላ ሌሎች ይቃወማሉ ማለት አትችይም፣ የተረጋገጠን ነገር እንዴት ይቃወማሉ? ግሶቻችን እኩል አይደሉም። አሳየ፣ አረጋገጠ፣ ደረሰበት፣ አስረዳ ካልሽ አብረሽው ቆመሻል። ይላል፣ ይሞግታል፣ ይከራከራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፣ ነው ባይ ነው ካልሽ ሐሳቡን ለባለቤቱ ትተሽ አንቺ ነፃ ነሽ። እንዲያውም ግሱ አንድ ሆኖ እንኳን ቅርፁ ይለያያል፣ "ማስሎ እንዳለው" ስትይ ትስማሚያለሽ፣ "ማስሎ እንደሚለው ከሆነ" ስትይ ትንሽ ራቅ ብለሻል፣ ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው ጆሮሽ ይነግርሻል። ሁሉም ቦታ "ገልጿል" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ያን ቃል ቆጥቤ ነው የምጠቀመው፣ ገለጠ ማለት ተሸፍኖ የነበረ እውነት አወጣ እንደማለት ስለሚሰማኝ።

ላብ_ውስጥ

ብራና ያለው ልክ ነው ግን ለሁሉም ዘርፍ እንዳይመስልሽ። እኛ ጋ (ባዮሎጂ ነኝ) "ይሞግታል" ብለሽ ብትጽፊ ሪቪወሩ ግራ ይገባዋል፣ እኛ የምንጠቅሰው ውጤቱን ነው፣ ሰውየው ቅንፍ ውስጥ ይገባል በቃ። ኬን ሃይላንድ የሚባል የአካዳሚክ ጽሑፍ ተመራማሪ በ1999 ባወጣው ጥናት ከ8 ዘርፎች 80 የጆርናል ጽሑፎች ወስዶ አይቶታል፣ ፍልስፍናና ሶሲዮሎጂ የመሳሰሉት እገሌ ይከራከራል የሚል ዓይነት ግስ ያበዛሉ፣ ሳይንሱ ወገን ደግሞ ተገኘ፣ ታየ ወደሚለው ያዘነብላል። ስለዚህ ዘርፍሽ ውስጥ ጥሩ የሚባሉ ሦስት አራት ፔፐሮች አውጪና ግሶቹን ብቻ አስምሪባቸው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ የተማርኩት እንደዛ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሃያ ሰው አንድ ነገር ካገኘ ሃያ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። ግኝቱን አንዴ ጽፈሽ ስሞቹን አንድ ቅንፍ ውስጥ ክተቻቸው፣ የስም ጥሪው ያኔ ይጠፋል። ስም ከዓረፍተ ነገሩ ፊት የሚወጣው ሰውየው ራሱ ጉዳይ ሲሆን ነው።

ምንጩን_እይ

ይቅርታ አድርጊልኝና ማንም ያላነሳው ትልቅ ነገር አለ። የማስሎን የ1943 ጽሑፍ አንብበሽዋል? አላነበብሽውም ብዬ እገምታለሁ፣ ለምን መሰለሽ፣ እዛ ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የለም። አንድም ሥዕል የለም። ብሪጅማን፣ ከሚንግስና ባላርድ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ2019 ይሄን ጉዳይ ተከታትለው የፒራሚዱን መነሻ ያገኙት ቻርልስ ማክደርሚድ የሚባል አማካሪ ሳይኮሎጂስት በ1960 አንድ የቢዝነስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው፣ ማለትም ከማስሎ 17 ዓመት በኋላ። "ማስሎ (1943) በፒራሚድ" ብለሽ ስትጽፊ ያልሠራውን ሥራ እየሰጠሽው ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። "ሙሉ በሙሉ ሳይሟላ አይሸጋገርም" ነው ያልሽው አይደል? ሰውየው እዛው ጽሑፍ ላይ ይሄ የተሳሳተ ግንዛቤ እንዳይፈጠር ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቃል። እንዲያውም ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ቁጥሮች መሆናቸውን ተናግሮ አንድ ተራ ሰው ምናልባት የአካል ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ የደህንነቱ 70፣ የፍቅሩ 50፣ ለራስ ክብር ያለው 40፣ ራስን እውን የማድረጉ ደግሞ 10 በመቶ የረካ ሊሆን ይችላል ይላል። ማለትም ሁሉም ባንድ ጊዜ በከፊል ረክተው በከፊል አልረኩም። ቅደም ተከተሉም የተባለውን ያህል ግትር አይደለም ብሎ ከደንቡ የሚወጡ ሰዎችን ዘርዝሯል፣ ከፍቅር ይልቅ ክብር የሚበልጥባቸው አሉ፣ ሆዳቸው ባይሞላም ከመፍጠር የማይቆሙ አሉ፣ ለእምነታቸው ሲሉ ሁሉንም የሚተዉ አሉ። አንቺ በስሙ የጻፍሽው እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ የተቃወመውን ነው።

ይሄን የምልሽ ላሳቅቅሽ አይደለም። እኔ ራሴ የማስተርስ ጽሑፌ ላይ አንድ ሰው ያላለውን ነገር ብሏል ብዬ ጽፌ መከላከያው ላይ ከፈታኞቹ አንዷ ኦሪጅናሉን ይዘው መጥተው ገጹን ገልጠው አነበቡልኝ፣ እስካሁን ድምፃቸው ይሰማኛል። ያገኘሁት ከሌላ ሰው ሊትሬቸር ሪቪው ነበር፣ ያ ሰውም ከሌላ ነው የወሰደው። ከሁለተኛ እጅ ከወሰድሽ "በእገሌ እንደተጠቀሰው" ብለሽ ጻፊ፣ ኦሪጅናሉ ሊገኝ የማይችል ከሆነ ብቻ ደግሞ። የማስሎ ግን ይገኛል፣ ረጅምም አይደለም፣ ባንድ ምሽት ታነቢዋለሽ።

ጀማሪዋ

አላነበብኩትም 😞 ከክላስ ስላይድ ነው የወሰድኩት፣ ዓመቱንም ከዛው ነው ያገኘሁት። ትናንት ማታ ፒዲኤፉን አውርጄ አነበብኩት፣ ቁጥሮቹን ሳያቸው በጣም ደነገጥኩ፣ አራት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ስጽፈው የነበረ ነገር ነው እኮ።

ዋህባና ብሪድዌልንም አብሬ ከፈትኩት። "ይቃወማሉ" ብዬ ነበር፣ ግን ተቃውሞ አይደለም የጻፉት፣ በፊት የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ነው ያዩት፣ ግልጽና ወጥ የሆነ ድጋፍ አላገኘንም ነው የሚሉት፣ ከሐሳቦቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተደገፉም ሌሎቹ ደግሞ ድብልቅ ውጤት ነው ያላቸው። ይሄን በምን ግስ ልበለው?

ብራና

@ጀማሪዋ ራስሽ መልሰሽዋል። "መርምረው... ድጋፍ አላገኙም" በይው፣ የሠሩትን ሥራ ስም ስጪው። "ይቃወማሉ" ለምን እንደሆነ ሳይናገር ሰው ያጣላል፣ ሁለት ምሁር እንደ ሁለት ጎረምሳ ተያይዘው ይቀራሉ። አንባቢሽ የሚፈልገው ምኑን፣ በምን ማስረጃ፣ እስከምን ድረስ የሚለውን ነው። ሐሳቡን ራሱን ነው የሚጠይቁት? ማስረጃውን ነው? ወይስ ሐሳቡ የሚሠራበትን ቦታ ነው የሚያጠቡት? ሦስቱም "ይቃወማሉ" ሊባሉ ይችላሉ ግን ሦስቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

@ምንጩን_እይ በጣም አመሰግናለሁ፣ እኔ ግሱን ሳርም ግሱ የተንጠለጠለበት ነገር ልክ ይሁን አይሁን አላየሁም ነበር።

የፍልስፍናው

እኔ ከሌላ ጎን ልምጣ። ሁላችሁም ስለ ማቅረብ እያወራችሁ ነው፣ የማትስማሙበትን ሰው ስታቀርቡስ? እዛ ላይ ነው የሰው ልክ የሚታወቀው።

አል ጋዛሊ የሚባለው የእስልምና ሊቅ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፈላስፎችን ሊተች ተነሳ፣ ግን የፈላስፎቹን ሐሳብ ብቻ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ መጽሐፍም አለው፣ ትችቱ ደግሞ በሌላ መጽሐፍ ነው። ያቀረበበት መጽሐፍ በጣም ግልጽና ፍትሐዊ ከመሆኑ የተነሳ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ብዙ አንባቢዎች እሱ ራሱ ፈላስፎቹን የሚደግፍ መሰላቸው፣ ከሚተቻቸው ፈላስፎች ዋነኛው የሆነው የኢብን ሲና ተከታይ አድርገው ጠቀሱት። እንግዲህ አስቡት፣ የማይስማማበትን ሐሳብ ባለቤቶቹ እንኳን እንከን በማያገኙበት መልክ ጻፈው። ከዛ በኋላ የመጣው ትችት ክብደት የነበረው ለዚህ ይመስለኛል። (ከዛ ደግሞ ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ መጥቶ ትችቱን ተቸው፣ የጋዛሊን ጽሑፍ ክፍል በክፍል እየጠቀሰ ነው መልስ የሰጠው፣ የሱን ቃል አስቀድሞ የራሱን ከሥር።)

እኔ ተማሪዎቼን የማሠራቸው ነገር አለ። የተቃዋሚህን ሐሳብ ጽፈህ ስትጨርስ ሰውየው ትከሻህ ላይ ቆሞ ሲያነበው "አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት" ይላል ወይ? ካላለ ገና ነው። ግን ከጋዛሊ ታሪክ ሌላም ነገር ይወሰዳል፣ ይሄ የኔ አይደለም የሚለው ምልክት ከጠፋ አንባቢ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ብራና ያለችው የበሩ ነገር የግድ ነው።

ብራና

ወንድ ነኝ 🙂 ግን የትከሻውን ነገር ወስጄዋለሁ።

ቋንቋ_ወዳድ

የአንቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም እኮ። ጀማሪዋ፣ ሁለቱም ይጻፋል፣ ዲፓርትመንትሽ ደንብ ካለው እሱን ተከተይ። ችግሩ የሚመጣው ስትደባልቂው ነው። ብዙ ድራፍት ላይ የማየው ነገር፣ ጸሐፊው የሚወደውን ምሁር "ያስረዳሉ" ይለዋል፣ የሚተቸውን ደግሞ "ይላል"። ሳያውቀው አንዱን ወንበር ሰጥቶ አንዱን አቆመው። ይሄ ወገንተኝነት ነው፣ አንባቢ ባያስተውለውም ይሰማዋል። ሌላው ደግሞ ለአንድ ሰው "ይላሉ" ካልሽ ለሁለት ሰውም "ይላሉ" ስለሆነ ማስሎ አንድ ይሁን ብዙ ከግሱ አይለይም፣ እነዋህባ ጎን ስታስቀምጪው ያምታታል። እኔ ብሆን ለአንድ ሰው "ይላል" ወይም "ትላለች"፣ ለብዙ "ይላሉ" ብዬ እስከመጨረሻው አንድ መንገድ እይዛለሁ፣ ለአካዳሚክ ጽሑፍ ንቀት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ "እኔ" ነው። አማርኛ ላይ "ዮሐንስ ጀግና ነኝ ይላል" ስንል ጀግናው ዮሐንስ ነው፣ ተናጋሪው አይደለም፣ ትምህርተ ጥቅስ ሳይኖርም። ብዙ ቋንቋ እንደዚህ አያደርግም፣ ፊሊፕ ሽሌንከር የሚባለው የቋንቋ ሊቅ በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ልክ ይሄን ዓይነት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋና ማስረጃ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ስናወራ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ስንጽፍ ግን ወጥመድ ነው። ኢንተርቪው ያደረግሻቸውን ሠራተኞች ስትጽፊ "ሥራዬን የምሠራው ለልጆቼ ስል ነው ብሏል" ካልሽ ይሄ የሰውየው ቃል ነው ወይስ አንቺ ያጠቃለልሽው? ከቋንቋው አይታወቅም። ስለዚህ ቃል በቃል ከሆነ ትምህርተ ጥቅስ አድርጊ፣ ፓራፍሬዝ (የሰውየው ሐሳብ በራስሽ ቃል) ከሆነ ወደ ሦስተኛ መደብ አዙሪው፣ "ሥራውን የሚሠራው ለልጆቹ ሲል እንደሆነ ተናግሯል"። ለመጽሐፍም ያው ነው።

ፓራፍሬዝ ካነሳን ደግሞ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከፊትሽ አስቀምጠሽ ቃል በቃል እየቀየርሽ አትጻፊ፣ "አስፈላጊ" የነበረውን "ወሳኝ" እያደረግሽ፣ ያ የሰውየው ዓረፍተ ነገር ልብስ ቀይሮ ነው የሚወጣው። ዝጊው፣ ትንሽ ቆይተሽ ላላነበበ ጓደኛ እንደምታስረጂ አድርገሽ ጻፊ፣ ከዛ ከፍተሽ አስተያዪ። ተርጉመሽ ስታመጪም ይሄው ነው፣ ከእንግሊዝኛ ስለተረጎምሽው ብቻ ሐሳቡ ያንቺ አይሆንም፣ ሲት ይደረጋል።

ጀማሪዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ቀን ተቀምጬበት እንደገና ጻፍኩት፣ እዩልኝ፦

"ማስሎ (1943) ሰውን የሚያነሳሱ ፍላጎቶችን በአምስት መድቦ በቅደም ተከተል የተደራጁ ናቸው ይላል። በእሱ አቀራረብ የታችኛው ፍላጎት እየረካ ሲሄድ ቀጣዩ ቀስ በቀስ ብቅ ይላል እንጂ አንዱ መቶ በመቶ እስኪሞላ ሌላው አይጠብቅም፤ ቅደም ተከተሉም ለሁሉም ሰው አንድ እንዳልሆነ ራሱ ይጠቅሳል። ዋህባ እና ብሪድዌል (1976) በበኩላቸው እስከዚያ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶችን መርምረው ለንድፈ ሐሳቡ ግልጽና ወጥ ድጋፍ አላገኙም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የእነሱ ግኝት የሚነካው ምደባውንና ቅደም ተከተሉን እንጂ ፍላጎቶቹ መኖራቸውን አለመሆኑ ነው። በመሆኑም ይህ ጥናት የትኛው ፍላጎት እንደሚቀድም አስቀድሞ ሳይወስን ሠራተኞቹ ራሳቸው ለየትኛው ቅድሚያ እንደሚሰጡ ይጠይቃል።"

"አሠሪዎች ማሟላት አለባቸው" የሚለውን አወጣሁት፣ ደጋግሜ ሳየው የማስሎም የነዋህባም አልነበረም፣ የኔም ቢሆን ገና ዳታ ሳልሰበስብ የጻፍኩት ነበር።

ምንጩን_እይ

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ደስ አለኝ። ይሄ ማስሎ ነው።

ብራና

በጣም ተለውጧል። "እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው" ላይ ስደርስ አንቺ እንደገባሽ አውቄያለሁ፣ እስከዛ ድረስ ደግሞ አልነበርሽም፣ የምንፈልገው እሱን ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ከነሱ ክርክር ተነስቶ ወደ ጥናትሽ ጥያቄ ነው የሄደው፣ ሊትሬቸር ሪቪው የተጻፈው ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ፣ መቶ በመቶ የሚለውና ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም የሚለው ላይ የገጽ ቁጥር አስገቢ። ብዙ ሰው ማስሎ ተቃራኒውን እንዳለ ነው የሚያውቀው፣ አድቫይዘርሽም ይጠይቁሻል፣ ገልጠው እንዲያዩት አመቻቺላቸው።

ጀማሪዋ

አሁን እያስገባሁት ነው፣ ነገ ጠዋት እልክላቸዋለሁ። "ይላል" ላይ ጸንቻለሁ፣ አርባውንም ገጽ አስተካከልኩት።